ከሳቮይ ወለል የተነሣ ዳንስ፦ የስዊንግ አመጣጥና ስልቶቹ

ስዊንግ ዳንስ በሚል የወል ስም የሚጠሩት አብዛኞቹ የአሜሪካ የጥንድ ጭፈራዎች ዘር የሚቆጥሩት ከአንድ ሰፈርና ከአንድ ትውልድ ነው። ሰፈሩ የኒው ዮርኩ ሐርለም ሲሆን ትውልዱ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያ ያደጉ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ናቸው። የቤተሰቡ በኩር ሊንዲ ሆፕ ይባላል። ኋላ በካሊፎርኒያ፣ በደቡብ ካሮላይና፣ በለንደንና በስቶክሆልም የተጨፈሩት ስልቶች ወይ ከእሱ ተወልደዋል፣ ወይ በአጠገቡ አድገው ከእሱ ተቀብለዋል።

ሥሩ ግን ከሐርለም ይርቃል። በ1739 በደቡብ ካሮላይና በስቶኖ ወንዝ አጠገብ ያመፁት ባሮች ከበሮ እየመቱ ሌሎችን ጠርተው ነበርና፣ በዓመቱ የወጣው ሕግ ባሮች ከበሮ እንዳይመቱ ከለከለ። ከበሮው ሲቀማ ምቱ ወደ ሰውነት ገባ። ጭን፣ ደረትና መዳፍ እየተመታ፣ እግር መሬቱን እየደበደበ የሚጨፈረው ጁባ የዚህ ዘመን ቅርስ ነው። ባሮቹ የጌቶቻቸውን የአዳራሽ አረማመድ እያጋነኑ የሚያሾፉበት ኬክዎክ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ መድረክ ወጥቶ፣ የተሾፈባቸው ሰዎች ልጆች ሳይቀሩ ተማሩት። ከአፍሪካ የመጣው አጨፋፈር ጉልበትን ሰበር አድርጎ ክብደትን ወደ መሬት የሚጥል፣ ዳሌና ትከሻን ለየብቻ የሚያንቀሳቅስ ነበር። ከአውሮፓ የመጣው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ወንድና ሴት ተቃቅፈው የሚዞሩበት ነው። ስዊንግ ሁለቱን ያጣመረ ሲሆን፣ ሚዛኑ ግን ወደ አፍሪካው ያደላል።

ለሐርለም ወጣቶች በቅርብ የደረሳቸው ውርስ ቻርልስተን ነው። ስሙን ያገኘበት የደቡብ ካሮላይና የወደብ ከተማ ጥቁሮች ሲጨፍሩት የኖሩት ይህ ዳንስ፣ በ1923 ብሮድዌይ ላይ በታየው «ራኒን ዋይልድ» የተባለ የሙዚቃ ትርኢት ውስጥ ፒያኒስቱ ጄምስ ፒ. ጆንሰን በደረሰው ዜማ ታጅቦ አገሪቱን አዳረሰ። እግርን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየወረወሩ ክንድን የሚያወዛውዙበት፣ ለብቻም ለጥንድም የሚሆን ጭፈራ ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ጥንዶች ለቅጽበት እቅፋቸውን ፈትተው እየተላቀቁ ብቻ ለብቻ የሚጨፍሩበት ብሬክአዌይ የተባለው ስልት ተጨመረበት። ሊንዲ ሆፕ የወጣው ከዚህ መላቀቅ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰፈር ሊገናኝ የቻለው በታላቁ ፍልሰት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች የደቡቡን የጥጥ እርሻ፣ የዘር መድልዎ ሕግና የደቦ ግድያ ሸሽተው ወደ ሰሜን ከተሞች ተሰደዱ። ሐርለም ከጆርጂያም፣ ከቨርጂኒያም፣ ከካሪቢያን ደሴቶችም የመጣ ሰው የሞላበት መንደር ሆነ። በማርች 12 ቀን 1926 በሌኖክስ ጎዳና፣ ከ140ኛው እስከ 141ኛው መንገድ ያለውን ርዝመት ሁሉ ይዞ የተከፈተው ሳቮይ የዳንስ አዳራሽ ይህን ሕዝብ አንድ ወለል ላይ ሰበሰበው።

ባለቤቱ ሞ ጌል የተባለ አይሁዳዊ ነጋዴ፣ ሥራ አስኪያጁ ቻርልስ ቡካናን የተባለ ጥቁር ነበር። አዳራሹ ፎቅ ላይ ሆኖ እስከ 4,000 ሰው ይይዝ ነበር። ወለሉ ከሜፕል እንጨት የተሠራና ከሥሩ ነጠር እንዲል ተደርጎ የተዘረጋ ሲሆን፣ በየሦስት ዓመቱ ገደማ እየታደሰ ይቀየር ነበር፤ የጫማው ብዛት ይፈጀዋልና። በአንድ ጎን ሁለት የባንድ መድረኮች ስለነበሩ አንዱ ኦርኬስትራ ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል፣ ሙዚቃው አይቋረጥም። የሳምንቱ ምሽቶችም ባለቤት ባለቤት ነበራቸው። ማክሰኞ የብርቱ ጨፋሪዎች ነው፤ ቦታው ሰፊ፣ ተመልካቹ ጥቂት ነውና። ሐሙስ ዕረፍታቸው የሆነ የቤት ሠራተኞችና ወጥ ቤቶች ይመጣሉ። ቅዳሜ ግን እግር ማሳረፊያ አይገኝም፣ እውነተኛ ጨፋሪም በቅዳሜ አይመጣም። በአዳራሹ አንድ ጥግ ምርጦቹ ብቻ የሚጨፍሩበት «የድመቶቹ ማዕዘን» የሚባል ቦታ ነበረ፤ እዚያ ያለ ዕውቅና የገባ ጀማሪ በእርግጫ እየተጎሸመ እንዲወጣ ይደረግ ነበር ይባላል።

ሳቮይን ከሌላው ሁሉ የለየው በሩ ለማንም ክፍት መሆኑ ነው። ጥቂት መንገዶች አልፎ በዚያው ጎዳና ላይ የነበረው ኮተን ክለብ የሚያሠራው ጥቁሮችን፣ የሚያስተናግደው ነጮችን ነበር። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን የተሸለመው ዱክ ኤሊንግተን በወጣትነቱ ስሙን የተከለው በዚያ ክለብ ነው፤ የገዛ ሰፈሩ ሰዎች ግን ገብተው ሊያዩት አይችሉም ነበር። በሳቮይ ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን፣ አልፎም እጅ ለእጅ ተያይዘው ጨፈሩ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ይህ ብርቅ ነበር፤ ኋላም ለአዳራሹ ዳፋ ሆኖበታል።

ዳንሱን ያለ ሙዚቃው መረዳት አይቻልም። የ1920ዎቹ መጀመሪያ ጃዝ በቱባና በባንጆ ላይ የቆመ፣ በየመለኪያው ሁለት ምት የሚጎላበት ዘለል ዘለል የሚል ሙዚቃ ነበር። ሉዊ አርምስትሮንግ በ1924 ኒው ዮርክ መጥቶ የፍሌቸር ሄንደርሰንን ባንድ ከተቀላቀለ በኋላ ባንዶቹ ቀስ በቀስ ተለወጡ። ቱባው ለባለ ጅማቱ ቤዝ፣ ባንጆው ለጊታር ቦታውን ለቀቀ፤ አራቱም ምቶች እኩል ተመቱ። ምቱ ለሁለት ሲከፈል የፊተኛው ግማሽ ረዘም፣ የኋለኛው አጠር ይላል፤ ወደ ፊት የሚገፋው ያ መንሳፈፍ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሁለት ምት ላይ መዝለል የለመደ እግር አራት እኩል ምት ሲያገኝ መንሸራተት ይችላል። የቻርልስተን ነጠር ነጠር ማለት ወደ ሊንዲ ሆፕ ልስላሴና ስፋት የተለወጠው ሙዚቃው ስለተለወጠ ነው።

የዳንሱ ስም ከበረራ ጋር ይያያዛል። በሜይ 1927 ቻርልስ ሊንድበርግ ለብቻው ከኒው ዮርክ ፓሪስ በአውሮፕላን በረረ፤ ጋዜጦች «ሊንዲ» ሲሉ አሞካሹት። በተከታዩ ዓመት በሐርለም ማንሃተን ካዚኖ በተካሄደ ለቀናት በዘለቀ የዳንስ ማራቶን ላይ፣ ሾርቲ ጆርጅ የሚሉት አጭሩ ጆርጅ ስኖውደን ከጓደኛው ተላቅቆ ብቻውን የፈጠራ እርምጃ ሲረግጥ ጋዜጠኛ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀው፤ እሱም ሊንዲ ሆፕ አለ፣ ይላል ታሪኩ። ነገሩ ለዝናው የተቀመመ ሊሆን ይችላል። ስኖውደን ግን የመጀመሪያው ትውልድ ቁንጮ እንደነበር የሚጠራጠር የለም፤ ጉልበቱን እያጋጨ ዝቅ ብሎ የሚሄድበት እርምጃ ዛሬም በቅጽል ስሙ ይጠራል።

የሊንዲ ሆፕ መሠረት በስምንት ምት የሚጠናቀቀው ስዊንግ አውት ነው። ጥንዶቹ ተቀራርበው ይዞራሉ፤ ወንዱ ሴቷን ወደ ውጭ ይለቃታል፤ በአንድ እጅ ብቻ ተያይዘው ክንዳቸው እስኪዘረጋ ይራራቃሉ፤ በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ የመጣለትን ይረግጣል፤ ከዚያ እንደገና ይሳሳባሉ። ከዚህ ጎን በስድስት ምት የሚያልቁ አጫጭር እርምጃዎችና ከቻርልስተን የተወረሱ ርግጫዎች አሉ። ቅደም ተከተላቸውን ሙዚቃው እንጂ መጽሐፍ አይወስንም፤ መሪው ሐሳብ ያቀርባል፣ ተከታይዋ ትቀበላለች፣ ትመልሳለች፣ አንዳንዴም ትለውጠዋለች። ጥሩ ጥንድ ሲገኝ ሌላው ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል፣ በየተራ ወደ መሀል ይገባል። የአገራችን ሰው በሠርግ ቤት እስክስታ ሲወርድ ከሚያየው ክብ ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው ትውልድ ጉልበተኛ ነበር። መሪው ኸርበርት ዋይት ቀድሞ ቦክሰኛ፣ ኋላ የሳቮይ ሥርዓት አስከባሪ የነበረ ሰው ነው። በፀጉሩ መሀል ባለችው ነጭ ዘለላ «ዋይቲ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ሰው የሰፈሩን ጎበዝ ጨፋሪዎች እየመለመለ የዋይቲ ሊንዲ ሆፐርስን ቡድን መሠረተ። ጥቅም አዋቂ ነበረ፤ ከልጆቹ ላብ የሚገኘው ገንዘብ አብዛኛው ኪሱ ይቀር እንደነበር የቡድኑ አባላት ኋላ ተናግረዋል። ያለ እሱ ግን ዳንሱ ከሐርለም የሚወጣበት መንገድ ጠባብ በሆነ ነበር። ከምልምሎቹ አንዷ ኖርማ ሚለር ናት። በ1919 ተወልዳ ከሳቮይ በስተጀርባ ካለ ሕንፃ ሙዚቃውን በመስኮት እየሰማች አደገች፤ በ12 ዓመቷ ደጃፉ ላይ ስትጨፍር አንድ የታወቀ ጨፋሪ አይቷት ይዟት ገባ።

ሌላው ፍራንኪ ማኒንግ ነው። በ1914 በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ተወልዶ በሕፃንነቱ ከእናቱ ጋር ሐርለም የገባው ማኒንግ የዳንሱን መልክ በሁለት ነገር ቀየረው። የመጀመሪያው አቋም ነው። ቀደምቶቹ ቀጥ ብለው ይጨፍሩ ነበር፤ እሱ ከወገቡ አጎንብሶ፣ ሊሮጥ እንደተዘጋጀ ሯጭ ወደ መሬት ተጠግቶ ጨፈረ፤ እርምጃው ረዘመ፣ ፍጥነቱም ጨመረ። ሁለተኛው በረራ ነው። በ1935 በሳቮይ የስኖውደንና የዋይቲ ቡድኖች ሲወዳደሩ፣ ስኖውደን ከእሱ እጅግ የምትረዝመውን የጭፈራ ጓደኛውን ቢግ ቢን በጀርባዋ አዝላው እንድትወጣ በማድረግ ሕዝቡን ያስቅ ነበር። ማኒንግ ይህን ቀልድ ገልብጦ ከጭፈራ ጓደኛው ከፍሪዳ ዋሽንግተን ጋር ፍራሽ አንጥፈው ሲለማመዱ ሰነበቱ። በውድድሩ ምሽት፣ የቺክ ዌብ ኦርኬስትራ እየተጫወተ፣ ፍሪዳ ጀርባ ለጀርባ ተገጥማ በአየር ላይ ተገልብጣ ልክ በምቱ ላይ ፊት ለፊቱ አረፈች። አየር ላይ የሚሠራ እርምጃ በሊንዲ ሆፕ የገባው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ስዊንግ ሲባል የሚያስበው መወርወሩን ሆነ፤ ጨፋሪዎቹ ግን በማኅበራዊ ምሽት እምብዛም አያደርጉትም፣ በተጨናነቀ ወለል አደጋ ነውና።

በዚያው ዓመት በኦገስት ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ ሃርቨስት ሙን ቦል የተባለውን የዳንስ ውድድር ጀመረ፤ በሊንዲ ሆፕ ዘርፍ ሊዮን ጄምስና ኤዲት ማቲውስ አሸነፉ። ሐርለም በዚያ ወር ጭፈራ ብቻ አልነበረም። የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ሊወርር ሲሰናዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወረራውን በመቃወም በእነዚያው ጎዳናዎች ላይ ሰልፍ ወጥተዋል። ከሃርቨስት ሙን ቦል በኋላ የዋይቲ ጨፋሪዎች ወደ አውሮፓ ተጓዙ። ስዊንግ በነጩ አሜሪካ ዘንድ የተቀጣጠለውም ያን ጊዜ ነው፤ በኦገስት 21 ቀን 1935 በሎስ አንጀለሱ ፓሎማር አዳራሽ የቤኒ ጉድማን ባንድ ያገኘው ጭብጨባ የስዊንግ ዘመን መክፈቻ ተደርጎ ይቆጠራል። ጉድማን ያን ምሽት ከተጫወታቸው ቅንብሮች መካከል የፍሌቸር ሄንደርሰን እጅ ያለባቸው ይገኙ ነበር።

የሳቮይ ሰዎች ግን ዘውዱን ለጉድማን አልሰጡም። የቤቱ ንጉሥ ቺክ ዌብ ነበር። በልጅነቱ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ጀርባው የጎበጠ፣ ቁመቱ ያጠረ ድራመር ሲሆን ከድራሙ ኋላ ሲቀመጥ ግን የሚችለው አልነበረም። በሜይ 11 ቀን 1937 ጉድማን ሳቮይ መጥቶ ከዌብ ጋር በሁለቱ መድረኮች ተፋለመ። አዳራሹ በ4,000 ሰው ሞላ፣ ሺዎች ደግሞ ውጭ ቀሩ። ዳኛው ወለሉ ነው፤ ወለሉም ለዌብ ፈረደ። የጉድማን ድራመር ጂን ክሩፓ ለዌብ እጅ ነሣ። ዌብ ከሁለት ዓመት በኋላ በ34 ዓመቱ ሲሞት፣ ባንዱን እሱ ያወጣት ወጣት ዘፋኝ ኤላ ፊትዝጄራልድ ተረከበች።

ሆሊውድ ለጨፋሪዎቹ ቦታ ሰጣቸው፤ የሰጣቸው ቦታ ግን በልክ ነው። በ1937 «ኤ ዴይ አት ዘ ሬስስ» ፊልም፣ በ1941 ደግሞ «ሄልዛፖፒን» ውስጥ ታዩ። በሁለተኛው ወጥ ቤት፣ ገረድ፣ መካኒክና ሾፌር መስለው ሥራ መሀል ድንገት ይጨፍራሉ፤ ማኒንግ ያቀናበረው ይህ ጥቂት ደቂቃ በፊልም ከተቀረጸ ሊንዲ ሆፕ ሁሉ ፈጣኑና ምርጡ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ትዕይንቱ ከፊልሙ ታሪክ ጋር አይገናኝም። የጥቁሮች ትዕይንት እንዲህ ተነጥሎ የሚቀረጸው የደቡብ ግዛት ሲኒማ ቤቶች ቆርጠው ሊያወጡት ስለሚችሉ ነበር።

በዚህ መካከል ሌሎች ስልቶች በየቦታቸው እየበቀሉ ነበር፤ እያንዳንዱም የተቀረጸው በተጨፈረበት ቦታ ጠባይ ነው። በደቡብ ካሮላይና ኮሎምቢያ ከተማ፣ ቀድሞ ምኩራብ በነበረ ሕንፃ ውስጥ የተከፈተ ቢግ አፕል የተባለ የጥቁሮች ክለብ ነበር። በ1936 ነጭ ተማሪዎች ከፍለው ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ከረሙ፤ ክብ ሠርቶ በአንድ ጠሪ ትእዛዝ የሚጨፈረውን ዳንስ ይዘው ወጡ፤ በዓመቱ አገሩ ሁሉ ጨፈረው። ኮሌጂየት ሻግ ላይኛውን ሰውነት ቀጥ አድርጎ እግርን ብቻ በፍጥነት የሚያዘልል የተማሪዎች ዳንስ ነው። ስሙን የሚጋራው ካሮላይና ሻግ ሌላ ነው። በመርትል ቢች ዳርቻ ከሪትም ኤንድ ብሉዝ ጋር ያደገ፣ ዝግ ያለና የሚንሸራተት ዳንስ ሲሆን ደቡብ ካሮላይና በ1984 የግዛቱ ይፋ ዳንስ አድርጎታል።

ከሁሉ ቁጥቡ ባልቦአ ነው። ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ በኒውፖርት ቢች፣ በባልቦአ ልሳነ ምድር ያሉት አዳራሾች በጣም ይጨናነቁ ስለነበር እግር ለመወርወር ቦታ አልነበረም፤ አንዳንዶቹም ይከለክሉ ነበር። ስለዚህ ጥንዶቹ ደረት ለደረት ተጠጋግተው እግራቸውን ከመሬት ሳያነሱ በጥቃቅን እርምጃ ይሽከረከራሉ። ሙዚቃው እጅግ ሲፈጥን የሊንዲ ሆፕ ጨፋሪ ይደክማል፤ የባልቦአው ግን ሸሚዙ ሳይዛነፍ ይቀጥላል።

በ1930ዎቹ አጋማሽ በሳቮይ ሲጨፍር የቆየው ዲን ኮሊንስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ በብዙ ፊልሞች ጨፈረ፣ ሌሎችንም አስተማረ። እሱ ያስፋፋው ለስላሳ አጨፋፈር ከአካባቢው ልማድ ጋር ተዋህዶ ዌስት ኮስት ስዊንግ የተባለውን ወለደ። እዚህ ተከታይዋ በመሪው ዙሪያ አትዞርም፤ በቀጥታ መስመር ላይ ትመላለሳለች፣ መሪው ከመስመሩ ፈቀቅ እያለ ያሳልፋታል። ለዝግ ያለ ሙዚቃ ስለሚመች ከብሉዝ እስከ ዛሬው ፖፕ ዘልቋል፤ ካሊፎርኒያም በ1988 ይፋ ዳንሱ አድርጋዋለች። ኢስት ኮስት ስዊንግ ግን ከጨፋሪ አልተወለደም። እንደ አርተር መሬይ ያሉ የዳንስ ትምህርት ቤቶች ሊንዲ ሆፕን ለጀማሪ የሚሸጥ አድርገው ወደ ስድስት ምት ያሳጠሩት ነው። ሥራውን ሠርቷል፤ ብዙ ሰው ወለል ላይ አውጥቷል፤ የፈጠራውን ነፃነት ግን አላስተማረም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች ዳንሱን ይዘው ባሕር ተሻገሩ። በብሪታንያ ጃይቭ ሆኖ ዛሬ ከአምስቱ የላቲን የውድድር ዳንሶች አንዱ ነው፤ በአህጉሩ ደግሞ ቡጊ ቩጊና አክሮባት የበዛበት የሮክ ኤንድ ሮል ውድድር ከዚሁ ወጡ። በጀርመን ጃዙን ወታደር አላመጣውም። በሃምቡርግ የስዊንግ ወጣቶች የሚባሉት የደህና ቤተሰብ ልጆች ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ በድብቅ ይጨፍሩ ነበር። የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ በ1941 ከ300 በላይ አሰረ፤ የፖሊሱ የበላይ ሂምለር በጃንዋሪ 1942 መሪዎቹ ወደ ማጎሪያ ካምፕ እንዲላኩ አዘዘ።

ላይፍ መጽሔት በኦገስት 1943 ሊንዲ ሆፕን በሽፋኑ አውጥቶ የአሜሪካ እውነተኛ የሕዝብ ጭፈራ ነው ሲል አወደሰው፤ ሽፋኑ ላይ የታዩት ሁለት ነጮች ናቸው። በዚያው ዓመት በኤፕሪል የኒው ዮርክ ባለሥልጣናት ወታደሮች የአባላዘር በሽታ ይይዛቸዋል በሚል ሳቮይን ዘግተውት ነበር፤ ሐርለም ግን ምክንያቱ ጥቁርና ነጭ አብረው መጨፈራቸው ነው ብሎ አመነ። አዳራሹ ከወራት በኋላ ተከፈተ። ዘመኑ ግን እያለፈ ነበር። ወንዶቹ ዘመቱ፣ ማኒንግም ወደ ፓስፊክ ግንባር ሄደ፣ የዋይቲም ቡድን ፈረሰ። ከ1942 ጀምሮ የሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱን ሸክላ ከማስቀረጽ አገደ። በ1944 መንግሥት ጭፈራ ባለበት ቤት ላይ የጣለው 30 በመቶ ግብር (ወዲያው ወደ 20 ቢወርድም) ብዙ ባለቤቶችን «መጨፈር ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አሰቀለ። ትልልቅ ባንዶች ተበተኑ፤ ወጣት ሙዚቀኞች ደግሞ ለእግር ሳይሆን ለጆሮ የተሠራውን ቢባፕ ያዙ። ሳቮይ በ1958 ተዘጋ፣ በዓመቱ ፈረሰ፣ ቦታው ላይም የመኖሪያ ሕንፃዎች ተሠሩ። ማኒንግ በፖስታ ቤት ተቀጥሮ 30 ዓመት ገደማ ሠራ።

ዳንሱ ሞተ ማለት ግን ስሕተት ነው። በጥቁሮች ከተሞች መልኩን እየለወጠ ኖሯል፦ በዋሽንግተን ዲሲ በሞታውን ዘፈኖች የሚጨፈረው ሃንድ ዳንስና በቺካጎ ስቴፒንግ የሚባለው የሊንዲ ሆፕ ዘመዶች ናቸው። የቀድሞው መልክ የተመለሰው ደግሞ ባልተጠበቀ በር ነው። በ1984 ጥቂት ስዊድናውያን ጨፋሪዎች ኒው ዮርክ መጥተው የቀድሞውን የዋይቲ አባል አል ሚንስን አገኙ፤ እሱም ስቶክሆልም ሄዶ አስተማራቸው። ሚንስ በዓመቱ ሲሞት ፈላጊዎች ወደ ማኒንግ ዞሩ። የ70 ዓመት ደጅ የረገጠው ፖስተኛ በመጀመሪያ አላስተምርም ቢልም እሺ አለ፤ በ1989 ለብሮድዌዩ «ብላክ ኤንድ ብሉ» ትርኢት ከሌሎች ጋር የቶኒ ሽልማት ተቀበለ፣ እሱና ሚለርም ለስፓይክ ሊ «ማልኮም ኤክስ» ፊልም ዳንስ ሠሩ። ማልኮም ራሱ በወጣትነቱ በቦስተን ሊንዲ ሆፕ የሚጨፍር ነበር። ከስቶክሆልም በስተሰሜን ያለችው ትንሿ ሄርሬንግ መንደር በየበጋው የዓለም ጨፋሪዎች መገናኛ ሆነች። በ1998 ጋፕ የተባለው የልብስ ኩባንያ ያሠራው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ደግሞ ለሚሊዮኖች አሳየው። ማኒንግ በ2009፣ 95ኛ ልደቱ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው አረፈ፤ ሚለር በ2019 በ99 ዓመቷ ተከተለችው።

ዛሬ ሊንዲ ሆፕ ከሚጨፈርባቸው ከተሞች ሴኡል ከትልልቆቹ አንዷ ናት። ጥንዶች በዕጣ ተመድበው ባልለመዱት ሙዚቃ የሚወዳደሩበት ጃክ ኤንድ ጂል የተባለው የውድድር ዓይነት፣ ፈጠራን ከተጠና ትርኢት በላይ ስለሚፈትን ተወዳጅ ሆኗል። የማስተማሪያው መንገድ ግን ተለውጧል። ማኒንግ ዜማውን በአፉ እያንጎራጎረ እርምጃውን ያሳይ ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ በቁጥር ይከፋፍሉታል። አብዛኛው ተማሪና መምህር ነጭ ወይም እስያዊ በሆነበት በዚህ ዓለም ጥቁር ጨፋሪዎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ዳንሱ ከፈጠረው ሕዝብ ተነጥሎ መሸጡን በአደባባይ መተቸት ከጀመሩ ቆይተዋል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ፌስቲቫሎች ጥቁር መምህራንን መጋበዝና የሳቮይን ታሪክ ከእርምጃው ጋር ማስተማር ይዘዋል።